ምዕራፍ 7፦ ሰርቨሩ የተናገረው ምክንያት የት ይቀራል?

በኤፒአይ በኩል መረጃ ስናስቀምጥ ከሚገጥሙን ችግሮች ሁሉ በጣም የሚያስቆጨኝ አንድ አለ። ሰርቨሩ መዝገቡን ለምን እንዳልተቀበለ ዘርዝሮ ይናገራል፤ ምክንያቱ ግን መዝገቡን የላከው ሰው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው «ስህተት ተፈጥሯል፤ እንደገና ይሞክሩ» ብቻ ነው። ሰውየው እንደገና ይሞክራል። የላከው ያንኑ ስለሆነ መልሱም ያው ነው። ደጋግሞ ሞክሮ ይተወዋል፤ አለዚያም ስልክ ደውሎ ፕሮግራመሩን ይጠራል። ፕሮግራመሩ የሰርቨሩን ሎግ ከፍቶ ሲያይ «የእናት ዕድሜ ከ0 በታች ሊሆን አይችልም» የሚል አንድ አጭር መስመር ያገኛል። መስመሩ ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምሮ በመልሱ ውስጥ ሲላክ ነበር፤ ያነበበው ግን የለም።

ስለ ስህተት መልእክቶች የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያተኩሩት በአጻጻፋቸው ላይ ነው። ጨዋ ይሁኑ፣ አጭር ይሁኑ፣ ግልጽ ይሁኑ ይላሉ። ምክሩ ደግ ነው። ነገር ግን የማይደርስ መልእክት ምንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ እኛ የምንጀምረው ከመድረሱ ነው።

አንድ መዝገብ «አስቀምጥ» ከተባለበት ጊዜ አንስቶ ዳታቤዝ እስኪገባ ድረስ ሦስት ቦታ ይፈተሻል። መጀመሪያ ስልኩ ወይም ብራውዘሩ ላይ፤ ባዶ የተተወ ፊልድ እንዳለ፣ ቁጥር በሚጻፍበት ፊደል እንደገባ ይታያል። ይህ ፍተሻ ለተጠቃሚው ምቾት ነው እንጂ የሚታመኑበት አይደለም፤ ማንም ሰው ፎርሙን ትቶ በቀጥታ ወደ ኤፒአዩ መላክ ይችላልና። ሁለተኛው ፍተሻ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም የሚያደርገው ነው። ሦስተኛው የዳታቤዙ የራሱ ነው፦ ይህ ቁጥር ሁለት ጊዜ አይመዘገብም፣ ይህ ቦታ ባዶ አይሆንም የሚሉት ገደቦች። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፍተሻ መዝገቡን ያልተቀበሉበትን ምክንያት በመልስ መልክ ወደ ላኪው ይመልሳሉ።

መልሱ ሁለት ክፍል አለው፦ ባለሦስት አሃዝ ኮድና ይዘት። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተመለሰ ማመልከቻን ያስቡ። ፊቱ ላይ «ተመላሽ» የሚል ማኅተም አርፎበታል፤ ጀርባው ላይ ደግሞ በእጅ ጽሑፍ «የልደት ሰርተፊኬት ኮፒ አልተያያዘም፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ፊርማ የለም» ተብሏል። ኮዱ ማኅተሙ ነው፤ ይዘቱ የጀርባው ጽሑፍ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ማኅተሙን ብቻ አይተው ወረቀቱን ይጥሉታል።

ስለ ኮዶቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ2 የሚጀምሩት ተሳክቷል ይላሉ፤ በ4 የሚጀምሩት ችግሩ ከላኪው ነው፤ በ5 የሚጀምሩት ከሰርቨሩ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅሙት 400 (የተበላሸ ጥያቄ)፣ 409 (ግጭት) እና 422 ናቸው። 422 ማለት «የላክኸውን አንብቤዋለሁ፣ ቅርጹም ትክክል ነው፣ ይዘቱን ግን ልቀበለው አልችልም» እንደማለት ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ዌብዳቭ ለተባለው፣ ሰነዶችን በቀጥታ ድር ላይ ለማረም ለታሰበው ሥርዓት ነበር። ሩቢ ኦን ሬይልስና ላራቬል የተባሉት የድር ማዕቀፎች ለቫሊዴሽን (የመዝገብ ፍተሻ) ስህተት ወሰዱት፤ ጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ ግን 400ን መረጠ። 422 ራሱ ወደ ዋናው የኤችቲቲፒ መስፈርት የገባው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። የትኛው ኮድ ይሻላል የሚለው ክርክር አሁንም አላለቀም። እኔ በበኩሌ አንድ ኤፒአይ አንዱን መርጦ ሁሌም እሱን እስከተጠቀመ ድረስ ክርክሩ ብዙም አያሳስበኝም።

አሁን ወደ ጥፋቱ ቦታ እንሂድ፤ ምክንያቱ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ኤፒአዩን በሚጠራው ፕሮግራም ውስጥ ነው።

የጃቫስክሪፕቱ ፌች 422ንም ሆነ 500ን እንደ ውድቀት አይቆጥራቸውም። መልስ እስከመጣ ድረስ ለፌች ሥራው ተሳክቷል፤ ወድቋል የሚለው ግንኙነቱ ራሱ ሲቋረጥ ነው። ይህን ያላወቀ ፕሮግራመር የስኬት መንገዱ ላይ «ተቀምጧል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ያኖራል፤ ሰርቨሩ የመለሰው መዝገብ ሁሉ እንደተቀመጠ ሆኖ ይታያል። ከቀዩ «ስህተት ተፈጥሯል» ይልቅ ይህ ይከፋል፤ ሰውየው ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ ይሄዳልና። መፍትሔው መልሱ ላይ ያለውን «ኦኬ» የሚባል ምልክት ማየት፣ እሱ ሐሰት ከሆነ ይዘቱን ማንበብ ነው።

አክሲዮስ የተባለው በጣም የታወቀ መሣሪያ ደግሞ በተቃራኒው 422 ሲመጣ ስህተት ይወረውራል። የተወረወረው ስህተት የራሱ መልእክት አለው፤ እሱም ጥያቄው በ422 ኮድ እንዳልተሳካ ብቻ ይናገራል። የሰርቨሩ ቃል ያለው በስህተቱ ውስጥ ባለው መልስ፣ በመልሱም ውስጥ ባለው ዳታ ነው። ሁለት ደረጃ ወደ ውስጥ መግባት ይጠይቃል። ስንት አፕሊኬሽን ለተጠቃሚው «422» የሚል ቁጥር እያሳየ ይኖራል! ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ሆነ ለባለ ሱቅ 422 ምን ትርጉም አለው?

ሌሎቹ ቋንቋዎችም የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው። በፓይተን ዩአርኤልሊብ ሲጠቀሙ የሚወረወረው ስህተት ራሱ እንደ ፋይል ተከፍቶ ሊነበብ ይችላል፤ ብዙ ሰው ግን የስህተቱን ስም አትሞ ያልፋል። ሪኩዌስትስ የተባለው መሣሪያ ኮዱን አይቶ ስህተት እንዲወረውር ሲታዘዝ የሚሰጠው መልእክት ኮዱንና አድራሻውን እንጂ ይዘቱን አይጨምርም። በቆየው የጃቫ መንገድ በ4 የሚጀምር ኮድ ሲመጣ የተለመደው የንባብ በር ስህተት ይወረውራል፤ ይዘቱን ለማግኘት ለስህተት ብቻ የተለየውን ሌላ በር መጠየቅ ያስፈልጋል። በፒኤችፒ አንድን አድራሻ እንደ ፋይል ለማንበብ ሲሞከር፣ ስህተትን ችላ እንዲል አስቀድሞ ካልተነገረው በቀር ይዘቱ ጨርሶ አይገኝም።

ጋዝል የተባለው የፒኤችፒ መሣሪያ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛን በተለየ የሚነካ ነገር አለውና። ጋዝል ስህተት ሲወረውር ከመልሱ ይዘት የመጀመሪያዎቹን 120 ባይቶች ቆርጦ መልእክቱ ውስጥ ያስገባል። ለእንግሊዝኛ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ያህል ነው። አማርኛ ግን በዩቲኤፍ8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ፒኤችፒ ጄሰን ሲያዘጋጅ ካልተከለከለ ደግሞ አንዱን የግዕዝ ፊደል በስድስት ምልክት ገልብጦ ይጽፈዋል። ስለዚህ 120ው ባይት ለ20 ፊደል ብቻ ይበቃል፤ እነዚያም በሰው ዓይን የማይነበቡ ናቸው። በአማርኛ በጥንቃቄ የተጻፈ ማብራሪያ በመቆረጡ ብቻ ከንቱ ይሆናል። ከተቆረጠው መልእክት ይልቅ ሙሉውን ይዘት ከመልሱ ላይ ማንበብ ይገባል።

ይህን ሁሉ በደንብ ካሰቡበት መሣሪያዎች አንዱ ከሬይልስ ቤተሰብ የወጣው አክቲቭ ሪሶርስ ነው። በሬይልስ አንድ መዝገብ «ተቀመጥ» ሲባል ካልሆነለት ሐሰት ይመልሳል፤ ምክንያቶቹም በየፊልዳቸው ተደርድረው ከመዝገቡ ጋር ይቆያሉ። አክቲቭ ሪሶርስ ይህንኑ ልማድ ወደ ሩቅ ሰርቨር ይወስደዋል። ሰርቨሩ 422 ሲመልስ ይዘቱን አንብቦ ስህተቶቹን እዚያው መዝገቡ ላይ ይለጥፋቸዋል፤ ፕሮግራመሩ መዝገቡ በቅርብ ያለ ይመስለዋል። ይህ የሚሠራው ግን ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ ነው። ሰርቨሩ በ422 ፈንታ 400 ቢልክ የተለመደው መንገድ ይዘጋል፣ ስህተት ይወረወራል። 422 ልኮ ይዘቱን ባልተጠበቀ ቅርጽ ቢጽፈው ደግሞ መዝገቡ አልተቀመጠም፣ የስህተቱም ዝርዝር ባዶ ነው። «አልተቀመጠም፤ ምክንያቱ፦» ብሎ ከሁለቱ ነጥብ በኋላ ምንም የሌለው ስክሪን ካዩ መነሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ኮዱ «አይሆንም» ስላለበት ነው። ኮዱ «ተሳክቷል» እያለ ይዘቱ ሌላ የሚናገርበትም አለ፤ ይህ የሚያጋጥመው በአብዛኛው ብዙ መዝገቦች በአንድ ጊዜ ሲላኩ ነው።

ለዚህ ከዲኤችአይኤስ2 የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሶፍትዌሩ መነሻው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአፓርታይድ በኋላ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ናት፤ ዛሬ ልማቱን የሚያስተባብረው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም የአገሪቱን የጤና መረጃ ይሰበስብበታል። ከሌላ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ከአንድ ሆስፒታል ሥርዓት፣ የወር ሪፖርት ቁጥሮች በኤፒአይ ሲላኩለት ማጠቃለያ ይመልሳል። ማጠቃለያው ስንት እንደገቡ፣ ስንት እንደታደሱ፣ ስንት እንደታለፉና ስንት እንደተሰረዙ ይቆጥራል። ከቆጠራው ሥር ግጭቶች የሚባል ዝርዝር አለ፤ የትኛው ነገር እንደተጋጨና ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ ተጽፎበታል፦ ሙሉ ቁጥር በሚጠበቅበት ጽሑፍ ገብቷል፣ ላኪው ለዚህ ጤና ተቋም መረጃ የመጻፍ ፈቃድ የለውም፣ የተላከበት ጊዜ ገና ያልደረሰ ነው፣ እና የመሳሰሉት።

እንግዲህ 100 ቁጥር ተልኮ 97ቱ ገብተው 3ቱ ታለፉ እንበል። እንደ ሶፍትዌሩ ሥሪት ኮዱ 200 ሊሆን ይችላል፣ 409ም ሊሆን ይችላል። 200 ሲመጣ አይቶ «ሪፖርቱ ተልኳል» የሚል ፕሮግራም ሦስቱን ቁጥሮች ደብቋል። 409 ሲመጣ አይቶ «አልተላከም» የሚለው ደግሞ የገቡትን 97 ቁጥሮች ክዷል። ሁለቱም ዋሽተዋል፤ እውነቱ ያለው ቆጠራው ላይ ነው። ከታለፉት ሦስቱ አንዱ የወባ ሕሙማን ቁጥር ከሆነ በወረዳው ድምር ላይ ምንም አይጨምርም፤ ድምሩን የሚያየው ሰው ግን የጎደለ ነገር መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አጎበርና መድኃኒት የሚታቀደው በዚያ ድምር ነው። የስህተት መልእክት ማንበብን እንደ ጥቃቅን የፕሮግራመር ሥራ ማየት የማልችለው ለዚህ ነው።

ዲኤችአይኤስ2 ከማስቀመጥ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄም ያውቃል፦ ምንም ሳያስቀምጥ ፍተሻውን ብቻ አድርጎ ማጠቃለያውን እንዲመልስ ማዘዝ ይቻላል። አዲስ ሥርዓት የሚያገናኝ ሰው ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ከብዙ መዝገብ አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ይግቡ ወይስ ሁሉም ይቅሩ? ሴልስፎርስ የተባለው የደንበኛ አያያዝ ሶፍትዌር ይህን ለላኪው ምርጫ ይተዋል፤ የዲኤችአይኤስ2 የሕሙማን መከታተያ ክፍልም እንዲሁ። ከአንድ ሒሳብ ተቀንሶ ወደ ሌላው የሚገባ ገንዘብ ከሆነ ሁሉም ወይም ምንም ከመሆን ሌላ መንገድ የለውም። ለወር ሪፖርት ግን ትክክለኞቹ ቢገቡ ይሻላል፤ ይህን የምለው ላኪው ፕሮግራም ዝርዝሩን አንብቦ የቀሩትን ለሰው የሚያሳይ ከሆነ ብቻ ነው። ግራፍኪውኤል የተባለው የኤፒአይ መጠየቂያ ቋንቋም ብዙውን ጊዜ ስህተቶቹን በ200 ውስጥ አስገብቶ ስለሚልክ ልማዱ አንድ ነው፦ ይዘቱን ሳያነቡ ተሳክቷል ማለት አይቻልም።

መልእክቱ ተገኘ እንበል። ምን ምን ቢኖረው ይጠቅማል? በ2016 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2023 እ.ኤ.አ. የታደሰ፣ ኤፒአዮች ችግርን በአንድ ዓይነት ቅርጽ እንዲናገሩ የሚያደርግ መስፈርት አለ። የችግሩን ዓይነት፣ አርዕስቱን፣ ኮዱን፣ ማብራሪያውንና የዚያን አንድ ክስተት መለያ ይይዛል። በታደሰው ሰነድ ውስጥ ያለው ምሳሌ ለቫሊዴሽን በጣም ይጠቅማል፤ እያንዳንዱ ስህተት ማብራሪያውንና የትኛውን ፊልድ እንደሚመለከት የሚጠቁም አድራሻ ይዞ ይመጣል።

አድራሻው በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የአንዲት እናት መዝገብ ከነልጆቿ ተልኮ ከልጆቹ አንዱ የልደት ቀኑ ቢበላሽ፣ አድራሻው «ልጆች፣ 2፣ የልደት ቀን» ይላል። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር ይህ ሦስተኛው ልጅ ነው። አፕሊኬሽኑ ልጆቹን ስክሪን ላይ በዕድሜ፣ ሲልክ ግን በሌላ ቅደም ተከተል ከደረደራቸው ቀዩ ምልክት የሚያርፈው የሌላ ልጅ ቀን ላይ ነው፤ ትክክለኛው ቀን ታርሞ ይበላሻል። ከተራ ቁጥሩ ጋር የልጁን መለያ መመለስ ይህን ያድናል።

ከአድራሻው ቀጥሎ የማይለወጥ መለያ ቃል ያስፈልጋል፤ «ቀድሞ ተመዝግቧል» ለሚለው ስህተት ሁሌም አንድ ዓይነት መለያ። የሰው ቃል ይታረማል፣ ይተረጎማል፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድ ቃል ፈልጎ የሚወስን ፕሮግራም በተሻሻለ ማግስት ይበላሻል። መለያው ካለ አፕሊኬሽኑ ራሱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ መናገር ይችላል። በኤችቲቲፒ ላይ ላኪው የሚፈልገውን ቋንቋ የሚገልጽበት መስመር ስላለ ሰርቨሩም ተርጉሞ ሊልክ ይችላል። ስህተቶቹ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይምጡ። አንዱን አርሞ ሲልክ ሌላውን፣ ያንን አርሞ ሲልክ ሦስተኛውን የሚናገር ሰርቨር በደካማ ኔትወርክ ላይ ያለውን ሰው ያሰቃያል።

ግልጽ ምክንያት ሌላም ጥቅም አለው፤ ሕጉ ራሱ ሲሳሳት ያጋልጠዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜ 3 የተወለደ ሕፃን ሲመዘገብ ፕሮግራሙ «የተሳሳተ ቀን» ብቻ ቢል መዝጋቢዋ ራሷን ትጠራጠራለች፤ ምናልባትም መስከረም 1 ብላ ትሞላዋለች። «ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት» ቢል ግን ችግሩ የማን እንደሆነ ወዲያው ታውቃለች። 2015 ዓ.ም. የሉቃስ ዘመን ስለነበር ጳጉሜ 6 ቀን ነበረው፤ ስድስተኛውን ቀን የማያውቅ ፍተሻም እንዲሁ በቃሉ ይያዛል። የሳፋሪኮም ቁጥሮች በ07 ጀምረው አገልግሎት ላይ ከዋሉ ወዲህ፣ ስልክ በ09 ብቻ ይጀምራል ብሎ የተጻፈ ሕግ ሁሉ አርጅቷል፤ «ቁጥሩ በ09 መጀመር አለበት» የሚል መልእክት እርጅናውን በግልጽ ይናገራል። የስም ርዝመትም አለ፦ ገደቡ በባይት ከተቆጠረ «በላይነህ» የሚለው ባለ አምስት ፊደል ስም 15 ይሆናል፤ «ከ12 አይበልጥም» የተባለ ሰው አምስት ፊደል ቆጥሮ ግራ ይጋባል። መልእክቱ የሚቆጥረው ሰው እንደሚቆጥረው፣ በፊደል መሆን አለበት።

ከዳታቤዙ የሚመጣው ስህተት የተለየ እንክብካቤ ይፈልጋል። ሁለት መዝጋቢዎች በአንድ ቅጽበት አንድ ዓይነት የካርድ ቁጥር ይልካሉ። ሰርቨሩ ለሁለቱም «አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለሁለቱም መልሱ «የለም» ነው። ሁለቱም ለመጻፍ ሲሄዱ ዳታቤዙ አንዱን ብቻ ይቀበላል። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ሁለተኛውን በ23505 ኮድ ይመልሰዋል፤ የተጣሰውንም ገደብ በስሙ ይጠራል። ይህን ያልተረጎመ ፕሮግራም ለላኪው 500 ይሰጠዋል፤ 500 ደግሞ «ችግሩ የእኛ ነው» ማለት ስለሆነ ላኪው ደጋግሞ ይልካል። ከገደቡ ስም ተነሥቶ ፊልዱን ማወቅና 409 ወይም 422 ብሎ መመለስ አድካሚ ሥራ አይደለም። የዳታቤዙን ጥሬ ቃል እንዳለ ወደ ውጭ መልቀቅ ግን አይገባም፤ የሰንጠረዦቹን ስምና አንዳንዴም የሌላ ሰው መረጃ ይዞ ይወጣል።

ምክንያትን ሁሉ መናገር ጉዳት የሚሆንበት ቦታም አለ። በኤችአይቪ ክትትል ክሊኒክ ሥርዓት ላይ የአንድን ሰው ስልክ ለማስገባት የሞከረ ማንኛውም ሰው «ይህ ቁጥር ቀድሞ ተመዝግቧል» የሚል መልስ ካገኘ፣ የዚያ ስልክ ባለቤት ታካሚ መሆኑን አወቀ ማለት ነው። እዚህ ላይ ዝርዝሩ የሚገባው ለማየት ሥልጣን ላለው ባለሙያ ብቻ ነው። ለሌላው «መመዝገብ አልተቻለም፤ ክሊኒኩን ያነጋግሩ» ይበቃዋል። ይህ መልእክትን ከመጣል ይለያል፤ ማን ምን ማወቅ አለበት ተብሎ ታስቦ የተወሰነ ነውና።

የመጨረሻው ከባድ ጉዳይ ጊዜ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ጤና ኬላ መረጃው ታብሌት ላይ ይመዘገባል፤ የሚላከው ከቀናት በኋላ፣ ባለሙያዋ ግንኙነት ያለበት ቦታ ስትደርስ ነው። የሰርቨሩ «አልቀበልም» ሲመጣ የተመዘገበችው እናት ወደ ቤቷ ከሄደች ቆይታለች፤ ስክሪን ላይ ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ብሎ የሚጠፋ መልእክት ለማንም አይጠቅምም። ምክንያቱ ከመዝገቡ ጋር አብሮ መቀመጥ አለበት። የዲኤችአይኤስ2 የአንድሮይድ መሣሪያ እንዲህ ያደርጋል፦ እያንዳንዱ መዝገብ የሚላክ፣ የተላከ፣ ማስጠንቀቂያ ያለበት ወይም ስህተት ያለበት ተብሎ ምልክት ይደረግበታል፤ ሰርቨሩ የዘረዘራቸው ግጭቶችም ስልኩ ውስጥ ባለው ዳታቤዝ ከየመዝገባቸው ጋር ተያይዘው ይቆያሉ። ባለሙያዋ በማግስቱ ስትከፍተው ያልተላኩትን ለይታ ታያለች፣ የትኛው ፊልድ እንደተያዘም ታነባለች። እርማቱን ከወረቀት መዝገቧ አመሳክራ ታስገባለች፤ ወይም እናቲቱ ለሚቀጥለው ክትባት ስትመጣ ትጠይቃታለች። ሰርቨሩ ያልተቀበለው መዝገብ እስኪታረም ድረስ ታብሌቱ ላይ ይቆያል፤ ሌሎቹ ግን እሱን ሳይጠብቁ ይላካሉ።